ለተዘጋ ሆድ መድኃኒት ስንመዝን

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የጻፍኩት ነገር ቢኖር በወረቀት ከረጢት ላይ የሰው ስምና «ጠዋት»፣ «ማታ» የሚሉ ቃላት ናቸው፤ እነሱም በሆላንድኛ ነው። አገር ቤት የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ደብዳቤ ስጀምርም ሰላምታው ካለቀ በኋላ የምለው ይጠፋኛል። አሁን ብዕር ያስያዘኝ የምሠራበት የመድኃኒት ሱቅ መዘጋት ነው። የሱቁ ባለቤት መፍራው ሊን ጡረታ ወጡ። «መፍራው» እዚህ አገር ወይዘሮ እንደማለት ነው። እሳቸው በእርጅና ጡረታ ሲወጡ እኔ ገና በወጣትነቴ ከምወደው ሥራ ወጣሁ። ዛሬ ደን ሃግ ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ትሪ አወጣለሁ፣ ትሪ እመልሳለሁ። ስለ አዲሱ ሥራ የምጽፈው የለኝም። ስለ ድሮው ግን አለኝ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የመኖሪያ ወረቀቴን እንዳገኘሁ አንድ ሠራተኛ የሚያስቀጥር ቢሮ የመንገደኞች ሽንት ቤት እንዳጸዳ ላከኝ። አለቃችን ከሱሪናም የመጣ ወፍራም ሰው ነበር፤ ዝምታዬን ይወደው ነበር። «ሰናይት አትናገርም፤ መስታወቱ ይናገርላታል» እያለ በሌሎቹ ላይ ያሾፍ ነበር። እዚያ የተማርኩት ሰው እንዴት እያየ እንደማያይ ነው። መንገደኛው እጁን ይታጠባል፣ ፀጉሩን ያስተካክላል፣ በአጠገብሽ ያልፋል፤ አንቺ የለሽም። ለእኔ ዓይነቷ ዓይን አፋር ደስ የሚል ነገር ነበር። ቆይቶ ግን ከበደኝ። ቀን ሙሉ ሳልናገር ውዬ ቤት ስገባ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ቀጥሎ ደን ሃግ ውስጥ ቢሮዎች አጸዳሁ። አለቃዬ በጣቷ የመስኮት ጠርዝ እየነካች አቧራ የምትፈልግ ሴት ነበረች። ስለሷ ይህ ይበቃል። ከዚያ ያው አስቀጣሪ ቢሮ የታመመች ሠራተኛ እንድተካ ሮተርዳም ላከኝ፤ ከባቡር ጣቢያው በስተምዕራብ የቻይና ሱቆች ካሉበት መንገድ ወደ አንድ የባህል መድኃኒት ሱቅ። ለጥቂት ቀን ነው ተብዬ ዓመታት ቆየሁ።

በሩን ስከፍት ሽታው ራሴን አዞረኝ። እርጥብ እንጨት፣ የቆየ ብርቱካን፣ አፈር፣ ትንሽ ደግሞ የዶሮ ቤት ይሸታል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ትናንሽ መሳቢያ ነው። ከኋላ ጠባብ ወጥ ቤት አለ፤ የሸክላ ድስቶች ተደርድረዋል። ስጠርግ ወለሉ ላይ የተቆራረጡ ሥሮችና ቅርፊቶች ወድቀው አገኘሁ። የወደቀ እህል ሳላነሳ መርገጥ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ለቅሜ፣ የሚመሳሰለውን ከሚመሳሰለው ጋር፣ ሲመሳሰል ሽታው የተለየውን ደግሞ ለብቻው አድርጌ ሳህን ላይ አስቀመጥኩት።

በማግሥቱ መፍራው ሊን ሳህኑን ይዘው ጠበቁኝ። ጸጉራቸው ነጭ፣ ቁመታቸው አጭር፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናቸው።

«ማን አሳየሽ?» አሉኝ።

«አፍንጫዬ።»

አሸተቱ፤ በጣታቸው በተኑት። «እነዚህን ሁለቱን ደባልቀሻል። ነገ ታስተካክያለሽ።»

መቀጠሬን ያወቅኩት በዚህ ነው። ደሞዙ ከጽዳቱ ብዙም አይበልጥም፤ ኮንትራቱም በየዓመቱ የሚታደስ ነበር። የእሳቸው ሆላንድኛ የተሰባበረ ነው፣ የእኔም እንደዚያው። ሁለት የተሰባበሩ ሰዎች ስንሆን በጣም ተግባባን። ከሆላንዶች ጋር ስናገር የሚይዘኝ ፍርሃት ከእሳቸው ጋር አይይዘኝም ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ በእጅ ነው። ሚዛኑ ቀጭን ዘንግና አንዲት የነሐስ ሳህን ያለው ነው፤ በግራ እጅ ከፍ አድርገሽ ከዓይንሽ ትይዩ ታደርጊዋለሽ። ሳህኗ ትወዛወዝብኝ ነበር። «ትንፋሽሽን ያዢ» ይሉኛል። «ትንፋሽሽም ይመዝናል።» ቅጠሉና ሥሩ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ እስኪያብጥ ሳይጠብቁ እሳት ላይ መጣድ ሽታውን ብቻ ማውጣት ነው ይላሉ። ብረት ድስት አይነካም። የመጀመሪያው ውሃ ይጠለላል፣ ዝቃጩ እንደገና ይፈላል፣ ከዚያ ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ የመጀመሪያው ጠንካራ፣ ሁለተኛው ለስላሳ ስለሆነ አንዱም ብቻውን አይሰጥም። እሳቸው ሳይቀምሱ አንድ ጠርሙስ ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም። በማንኪያ ፉት ይላሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ወይ «ይሂድ» ወይ «ይደፋ» ይላሉ። ጠዋት ሱቁን ሲከፍቱ ከሁሉ በፊት የሚያደርጉት መሳቢያዎቹን እየሳቡ ማሽተት ነው፤ ሰው የልጆቹን ግንባር በእጁ እየነካ ትኩሳት እንደሚፈልግ ማለት ነው።

አንድ ቀን አዲስ ጆንያ ፈትቼ እጄን ሳስገባ የማውቀው ነገር ነካኝ።

«ብቅል!» አልኩ፣ በአማርኛ፣ ሳላስበው።

«ምን አልሽ?»

«ይህ ገብስ ነው፤ በቅሎ የደረቀ። እኛም አገር አለ።»

«ለምን ታደርጉታላችሁ?»

«ለጠላ። ለቢራ ማለቴ ነው።»

ሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። «እኛ ለሆድ፣ እናንተ ለራስ!» አሉኝ።

ያ ብቅል የተዘጋ ሆድ መክፈቻ ነው። ከሱ ጋር ለዓመታት የቆየ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀይ ኮምጣጣ የደረቀ ፍሬ፣ ዝንጅብልና ከዶሮ ጨጓራ ውስጥ የሚላጥ ቢጫ ቆዳ ይገባል። እኛ ዶሮ ስንበልት ልጠን የምንጥለውን ቆዳ እነሱ አድርቀው፣ በትኩስ አሸዋ አሳብጠው መድኃኒት ያደርጉታል። ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኞቹ ኬሞ፣ ማለት በደም ሥር በጠብታ የሚሰጠውን የካንሰር መድኃኒት፣ የሚወስዱ ሰዎች ነበሩ። ጠብታው ገብቶ ሲወጣ የምግብ ፍላጎታቸውን ይዞ ይሄዳል። አፋቸው ብረት ብረት ይላል፤ የሚወዱት ነገር ይሸታቸዋል።

መፍራው ሊን ለእነዚህ ሰዎች አንድ ሕግ ነበራቸው። መጀመሪያ የምንሰጠውን ሁሉ ጽፈን ወደ ሆስፒታላቸው እንልካቸዋለን፤ የሆስፒታሉ ፋርማሲስት አይቶ ካልፈቀደ አንዲት ቅጠል አንሰጥም። ጠብታው በሚሰጥባቸው ቀናትና በዙሪያቸው ደግሞ ከነጭራሹ ምንም የለም። «ይህ ለሆድ ነው፤ ለበሽታው አይደለም» ይላሉ። ኬሞውን ትቶ ወደ እሳቸው ሊመጣ የሚፈልግ ሰው ከመጣ ራሳቸው ኮቱን አልብሰው ያስወጡታል። አንዷን ሴት «እኔ አልቃወምሽም፤ የምሸጥልሽ ግን ሻይ ብቻ ነው» ሲሏት ሰምቻለሁ።

ሻርሎይስ ሰፈር የሚኖር ያን የሚባል የቀድሞ የወደብ ሠራተኛ ነበር። በየሳምንቱ እየመጣ ባዶ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ዱብ ያደርግና «የወደብ ውሃ የሚመስለውን ጨረስኩልሽ፤ ድገሚኝ» ይለኛል። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ቆሞ ነበር የሚበላው። መፍራው ሊን ስለ ሆዱ ጠየቁት፤ ስለ ላቡ፣ ስለ እንቅልፉ ጠየቁት፤ በመጨረሻም «ከማን ጋር ትበላለህ?» አሉት። ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። «ከቴሌቪዥኑ ጋር» አለ። ጠርሙሱን ሲሰጡት «ከጎረቤት ጋር ተቀምጠህ ጠጣው» ብለው አዘዙት። ከሁለት ወር በኋላ ዓሣ ጥብስ እየበላ ሱቃችን ገባ፤ ዘይቱ በአገጩ ይወርዳል። መድኃኒቱ ይሁን፣ ጎረቤቱ ይሁን፣ ኬሞው ስላለቀ ይሁን አላውቅም። እሳቸውም አላወቁም። «በልቷል» አሉ፤ ሌላ አላሉም። እንዲህ ያሉ ቀኖች ጥቂት ነበሩ። ብዙዎቹ መምጣት ያቆማሉ፤ ለምን እንዳቆሙ ማንም ደውሎ አይነግርሽም።

አሁን ወደ እትዬ ዘነበች ልምጣ። እስካሁን የጻፍኩት ወደሳቸው ለመድረስ ነው።

የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ እሑድ ሮተርዳም በኪራይ በምንገለገልበት ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ረድፍ ይቆማሉ፤ ወንበር ሲቀርብላቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ አልደከመኝም» ይላሉ። ስኪዳም ውስጥ ከአንድ ልጃቸው ከሂሩት ጋር ነበር የሚኖሩት። ሂሩት በልጅነቷ ነው የመጣችው፤ አምስተርዳም በአንድ ቢሮ ትሠራለች፣ በጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። እናቷን «አንቺ» ትላለች፣ ግማሹን በሆላንድኛ ትናገራለች፣ ትወዳቸዋለች። አንድ ቀን ከሥራ ቀርታ ሱቃችን መጣች።

«ሰኒ፣ ማማ አትበላም» አለችኝ፣ ቆማ። «ማህፀኗ ላይ ነው በሽታው፤ ኬሞው እየሠራ ነው ይላሉ። ግን ሐኪሟ ክብደቷ ከዚህ ከወረደ እናቆማለን አለ። ከቆመ ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። መፍራው ሊን ወንበር ሳቡላት።

የምንሰጠውን ጽፈን ሂሩት ወደ ሆስፒታል ወሰደችው። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ጠንካሮቹን ሥሮች በሙሉ ሰርዞ ብቅሉን፣ ልጣጩን፣ ፍሬውን፣ ዝንጅብሉንና የዶሮውን ቆዳ ተወልን። መፍራው ሊን አልተቀየሙም። «ጥሩ ሰው ነው፤ ያነባል» አሉ።

እትዬ ዘነበች ሲመጡ ነጠላቸው ከትከሻቸው ይንሸራተት ነበር፤ የሚይዘው ትከሻ አልነበራቸውም። እኔ ተርጓሚ ሆንኩ።

«ምላስዎን ያውጡ ይላሉ።»

«ምኔን?»

«ምላስዎን።»

«በስተርጅና! እናቴ ይህን ብታይ በጥፊ ነበር የምትለኝ።» አወጡ። ነጭ ሽፋን ነበረው፤ ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት።

«ምግብ ሲያዩ ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም። ግድግዳ እንደማየት ነው።»

«ጭራሽ አይርብዎትም?»

እኔን ሳይሆን መፍራው ሊንን እያዩ ተናገሩ። «ረሃብ የሚባለውን ረሳሁት። እሱን ይመልሱልኝ በያቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። መፍራው ሊን ራሳቸውን ነቀነቁና ሚዛናቸውን አነሡ። ሁላችንም የገባን መስሎን ነበር።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የዶሮውን ቆዳ ሊመዝኑ ሲሉ «አንድ ጊዜ» አልኳቸውና ወደ እትዬ ዞርኩ። «እትዬ፣ የዶሮ ነገር አለበት። ይጾማሉ እንዴ?»

«አባ ፈተውኛል፤ የታመመ አይጾምም ብለውኛል» አሉ። «ቢሆንም ዶሮውን ተዪው።»

ነገርኳቸው። መፍራው ሊን ቆዳውን ወደ መሳቢያው መልሰው በምትኩ ብቅሉን ጨመሩ። እንግዲህ እትዬ ሥጋና ወተት ብቻ ትተው በሰዓቱ ይበላሉ ብለን ነበር። ጠዋት አንድ ብርጭቆ አሙቀው ይጠጣሉ፣ ጥቂት ቆይተው ይበላሉ። የታዘዘው ይህ ነው።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠርሙሶቹን በፎጣ ጠቅልዬ በሜትሮ ስኪዳም አደርስላቸው ጀመር። ጾሙ ገብቶ ሁለት ሳምንት እንደሆነው ስልኬ ጮኸ።

«ሰናይት! ልጄ! ራበኝ!»

ድምፃቸው የልጅ ነበር። ለመፍራው ሊን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉ። ያን ቀን ብርቱካን ልጠው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ፤ ልጣጩን ግን አልጣሉትም።

ሐኪም ቤት ሲመዘኑ ክብደታቸው ወርዶ ተገኘ። በሚቀጥለውም ጊዜ ወረደ። ሐኪሙ ቀጣዩን ጠብታ አራዘመው፤ አንድ ዕድል እሰጣለሁ፣ ካልጨመረች አቆማለሁ አለ። ሂሩት ስልክ ላይ ታለቅስ ነበር። «ራበኝ ትለኛለች! ፊቷን ብታዪው ደስ ብሏታል! ታዲያ የት ነው የሚገባው?»

መፍራው ሊን በራሳቸው ዕቃ ላይ ተነሡ። ብቅሉ አርጅቶ ይሆናል ብለው ጆንያውን በሙሉ ጣሉት። እንደዚያ ሲጥሉ አይቼ አላውቅም። አምስተርዳም ድረስ በባቡር ሄደው አዲስ አመጡ፤ ገብሱን በጥርሳቸው እየሰበሩ ነበር የመረጡት። ድስቱንም ቀየሩ። አፈላሌንም ከጎኔ ቆመው አዩ። «ምላሷ ጸድቷል» ይላሉ ለራሳቸው። «ረሃቡ መጥቷል። ሥጋው ለምን አይመጣም?» ምሳቸውን ይረሱ ነበር።

አንድ ጠዋት አዲሱን ይዤ ሄድኩ። ሂሩት ወጥታለች። እትዬ ዘነበች መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ብርጭቆውን ጨርሰዋል። አጠገባቸው ቁጭ እንዳልኩ ሆዳቸው ጮኸ፤ በደንብ የሚሰማ ጩኸት።

«ሰማሽው?» አሉ፣ ፈገግ ብለው።

«ሰማሁ! ቆይ፣ ምን ላምጣልዎ?» ብዬ ተነሣሁ።

«ተቀመጪ ልጄ።»

«ሽሮ አለ? ወይስ...»

«ተቀመጪ አልኩሽ እኮ። ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም።»

አልገባኝም። «እና?»

«እና ምን? ጾም አይደል እንዴ? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ከመድኃኒቱ በቀር ምን ልቀምስ ነው?»

ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ አባ ፈተውኛል ብለውኝ አልነበረም?»

«ፈተውኛል። መቼ ዋሸሁሽ? እኔ ግን አልተፈታሁም።» ነጠላቸውን ወደ ላይ ሳቡ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም። ኬሞው ከጀመረኝ ወዲህ ሳይርበኝ ነበር የምጾመው። ያልራበው ሰው ምን ጾመ ይባላል? ድንጋይም አይበላም። ለፈጣሪ የምሰጠው ምን ቀረኝ? ጉልበት የለኝ፣ ስግደት የለኝ። ያቺ ሴትዮ እግዜር ይስጣት፣ ረሃቤን መለሰችልኝ። አሁን ጠዋት ሆዴ ሲጮህ፣ ይኸው ተቀበለኝ እለዋለሁ።»

«ከዘጠኝ በኋላስ ይበላሉ?»

መስኮቱን አዩ። «ያን ጊዜ ጥሎኝ ሄዷል። ሁለት ጉርሻ እሞክራለሁ፤ አይወርድም። ለሂሩት በላሁ እላታለሁ። እንዳትነግሪያት።»

ሜትሮው ውስጥ መውረጃዬን አለፍኩት። ሱቅ ስደርስ ለመፍራው ሊን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጾም ማለት ምን እንደሆነ፣ ዘጠኝ ሰዓት ምን እንደሆነ። ቃላት ሲያጥሩኝ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ድስቶቹ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጠይቄያታለሁ» አሉ። «ስለ ላቧ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ጥማቷ። ከማን ጋር እንደምትበላ ጠይቄያታለሁ። ረሃቡን ለምን እንደምትፈልገው አልጠየቅኳትም። ማን ይጠይቃል?»

ተነሥተው ሰዓቱን አዩ። «አምላኳን አልነካባትም። ጽዋውን ወደ ከሰዓት እናዙረው። ረሃቡ በዘጠኝ ሰዓት ይምጣ፤ ያን ጊዜ ትብላ።» ፊታቸው ትንሽ በራ። ቀጥለው ግን «ልጇና ሆስፒታሉ ማወቅ አለባቸው» አሉና ስልኩን አነሡ። ትክክል ነበሩ። ክብደት የሚመዝን ሐኪም ሴትዮዋ እየጾመች መሆኑን ሳያውቅ እንዴት ይፈርዳል?

ሂሩት ግን እስከ ነገ አልጠበቀችም። ያንኑ ዕለት ማታ የንስሐ አባታቸውን ጠራች። እኔንም «ነይ፣ አንቺን ትሰማሻለች» ብላ ጎተተችኝ። ካህኑ ቀን ቀን የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ፤ ከሥራ ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ደክሟቸው መጡ።

«ፈትቼሽ የለም እንዴ?» አሉ ቆመው።

«ፈተውኛል አባ።»

«ታዲያ?»

«አባ፣ በልጅነቴ ጾምኩ። በሱዳን መንገድ ጾምኩ። ካርቱም የሰው ቤት ሥጋ እየቀቀልኩ፣ ጨው እንኳ ሳልቀምስ ጾምኩ። አሁን አልጋ ላይ ተንጋልዬ ልብላ?»

«ማማ፣ ልትሞቺ ነው!» ጮኸች ሂሩት። «ለማን ነው የምትጾሚው? እኔስ?»

«አንቺ ዝም በይ፤ ከአባ ጋር ነው የማወራው።»

ካህኑ ግንባራቸውን አሹ። መስቀላቸውን አወጡ። «ዘነበች፣ ለልመና አይደለም የመጣሁት። ትእዛዝ ነው። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ትበያለሽ።»

እትዬ መስቀሉን ተሳለሙ። «እሺ» አሉ። እንደሳቸው ያለ ሰው እሺ ካለ ይፈጽማል። በማግሥቱ ጠዋት ሂሩት የቀቀለችውን እንቁላል እያለቀሱ በሉ፤ ግማሹን። በሦስተኛው ቀን እኔ ለከሰዓት የተባለውን ጠርሙስ ይዤ ስመጣ በእጃቸው መለሱት።

«ካሁን በኋላ ይህን አታምጪልኝ።»

«ለምን እትዬ? አሁን እኮ ነው የሚጠቅምዎት፤ ሲርብዎት ይበላሉ።»

«ለምን ይርበኛል?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እውነት እየጠየቁኝ ነበር።

የከሰዓቱ ጽዋ እንደዚያ ሳይሞከር ቀረ። ቢሞከር ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ካህኑ ሥርዓቱን አደረጉ፣ ሂሩት እናቷን ልታድን ሮጠች፣ መፍራው ሊን ማድረግ ያለባቸውን አደረጉ። እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ሐኪም ቤት የሰጣቸው ወፍራም ጣፋጭ መጠጥ፣ ሁሉም በትእዛዝ ይገባል፤ ተመልሶ ይወጣል። ረሃቡ አልተመለሰም። ከፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንት መዘኗቸው፤ ሐኪሙም ጠብታውን አቆመ።

ለመፍራው ሊን ስነግራቸው ሚዛኑን ጨርቁ ውስጥ ጠቀለሉት። ያን ቀን ለማንም አልመዘኑም። ከዚያም በኋላ ኬሞ የሚወስድ ሰው ሲመጣ ጥያቄዎቹን ሁሉ ጨርሰው አንድ ይጨምሩ ነበር፤ «ብትበላ ምን ልታደርግበት ነው?» ይሉታል። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ግራ ተጋብቶ ያያቸዋል። እሳቸው መልሱን እስኪሰሙ አንድ መሳቢያ አይነኩም። ጉልበታቸው እየከፋ፣ መሰላሉ ላይ መውጣት እያቃታቸው ሲሄድ ሱቁን ዘጉ። መሳቢያዎቹን አብረን ባዶ አደረግናቸው። የተሰናበትነው ባቡር ጣቢያ ነው፤ ኮቴን ቆለፉልኝና ሄዱ። አሁን ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ ስደውል ስለ አየር ሁኔታ ብቻ ነው የምናወራው።

የቀረኝ ወደ ስኪዳም የሄድኩበት የመጨረሻ ቀን ነው። ይህን ለሂሩት ነግሬያታለሁ፤ አልቅሳ ስታበቃ «ጻፊው» ያለችኝም እሷ ናት።

ከፋሲካ በኋላ ነው። ሂሩት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ቤት ነበረች። የአጃ ሾርባ ሠርታ፣ እንቁላል መትታ ጨምራበት፣ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አቀረበች። የሕመም ማስታገሻ ልታመጣ ወደ መድኃኒት ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች።

«ሰኒ፣ እስክመለስ ትንሽ እንኳ አብያት። ማማ፣ ለእኔ ብለሽ፣ እሺ?»

«እሺ እናቴ» አሏት።

በሩ ተዘጋ። ትራስ ደግፌ ቀና አደረግኳቸው። አንድ ማንኪያ ሰጠኋቸው፤ ከንፈራቸውን ከፈቱልኝ። ሾርባው ምላሳቸው ላይ ቆመ። ሊውጡት ሞከሩ፤ አንገታቸው ላይ ያለው ጅማት ሲነሣ አየሁ። አልወረደም። በለስላሳ ወረቀት ጠረግሁላቸው፤ ይቅርታ የጠየቁ ያህል በዓይናቸው አዩኝ። ከዚያ ሳህኑን አዩ። በሩን አዩ።

«ብዪው» አሉ።

«እኔ?»

«ብዪልኝ።»

በላሁት። ቀዝቅዟል፤ ሂሩት ሐኪም ያዘዘው መስሏት ጨው አልጨመረችበትም። በየማንኪያው ይከተሉኝ ነበር፤ ከሳህኑ እስከ አፌ፣ ከአፌ እስከ ጉሮሮዬ። ለማልቀስ አፈርኩ። ስጨርስ ሳህኑን በማንኪያው ጠርጌ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊፍቱ ቆመ፤ ኮሪደሩ ላይ የሂሩት ጫማ ተሰማ፤ ቁልፉ በሩ ውስጥ ዞረ። ያን ጊዜ የእጄን አንጓ ያዙኝ፤ ጣታቸው ቀዝቃዛ ነበር። ለእኔ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ወደ እሳቸው ጎንበስ ስል እንዲህ አሉኝ፦

«እናትሽ ጣፍጧት ነው የበላችው በያት።»